የጎደለችው የበረዶ ፍሬ

ፉሚኖ የአባቷን ስም በገዛ እጇ ሦስት መቶ ማንቆርቆሪያ ላይ አትማለች። የራሷን ግን አንድ ቀን እንኳ አላተመችም። ይህን ስታስበው አባቷ ብቻ ሳይሆኑ የገዛ ዝምታዋም ያንገበግባታል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብላለቻ! ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን እንዳለው እንጃ፣ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ዝምታ ይነቅዛል፤ ውስጥ ውስጡን ይበላና አንድ ቀን ሰው መሃል ይፈርጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞሪዮካ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣ የኦባራ ቤት ሲባል የማያውቅ የለም። አራት ትውልድ ሙሉ ብረት እያቀለጠ የሻይ ውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ የሚሠራ ቤት ነው። የቤቱ አለቃ ማንም ይሁን ማን ስሙ ቶኩጂ ነው። አባት ሲደክም ስሙን ለልጁ ያወርሳል፤ ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ ቶኩጂ ይባላል፣ በማንቆርቆሪያው ጎን የሚታተመውም ይኸው ስም ነው። የፉሚኖ አባት አራተኛው ቶኩጂ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው ደህና፣ ግትርነታቸውም እንደ ጥንቱ።

የደከማቸው እጃቸው ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል መንቀጥቀጥ ከጀመረ። ለሌላ ሥራ ቢሆን ግድ የለም፤ ለበረዶው ግን አይሆንም። የኦባራ ቤት ማንቆርቆሪያ ገላው ላይ የበረዶ ፍሬ የመሰለ ጉብ ጉብ አለው። ያ ፍሬ በብረቱ ላይ አይደለም የሚሠራው። ብረቱ የሚፈስበት የአሸዋና የሸክላ ቅርጽ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከውስጥ በኩል፣ በቀጭን መውጊያ አንድ በአንድ ይወጋል፤ የተወጋው ጉድጓድ ብረት ሲሞላው ጉብ ብሎ ይወጣል። ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፍሬ ነው። ረድፉ ወደ አናት ሲወጣ ፍሬው እያነሰ ይሄዳል። ሸክላው መድረቅ ከጀመረ ሁሉም ነገር ከንቱ ስለሆነ በአንድ መቀመጫ ማለቅ አለበት፤ ተነሥቶ ሽንት ቤት መሄድ እንኳ የለም። ስለዚህ ፉሚኖ ፍሬ በምትወጋበት ቀን ከማለዳ ጀምሮ ውሃ በአፏ አይዞርም።

እሷ እንዴት እዚያ እንደተቀመጠች አባቷና እሷ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ያኔ ከሴንዳይ ከተማ ባሏን ፈትታ፣ በአንድ ሻንጣ ተመልሳ መጥታ ነበር። አንድ የጸደይ ጠዋት አባቷ ወደ ሥራ ክፍላቸው ጠሯት፣ በሩን ዘጉ፣ መውጊያውን እጇ ላይ አኖሩና ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ነገሯት። ልመና አልነበረም። ልጅ ሆና በውዳቂ ሸክላ ላይ ፍሬ ስትወጋ አይተዋት ኖሯል፤ አይተው ዝም ብለው ኖሯል። ወጋችው። አባቷ በመብራት ብርሃን ውስጡን አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ “ይሁን” አሉ። ማኅተሙን አቀበሏትና ቶኩጂ የሚለውን ስም ራሷ አተመችው።

አመሰግናለሁ የለ፣ ጎሽ የለ። “ይሁን።”

ብረት በሚፈስበት ቀን ደግሞ ደጅ ትቆማለች። የቤቱ ወግ ነው፤ የምድጃው አምላክ ሴት ናት፣ ሌላ ሴት ማቅለጫው ቤት ስትገባ ካየች ትቀናለች፣ ብረቱንም ታበላሻለች ይባላል። ስለዚህ ፉሚኖ ጎንበስ ብላ የወጋችው ቅርጽ ውስጥ ብረት ሲገባ በረዶ ላይ ቆማ በግድግዳው በኩል ትሰማለች። ቅርጹን የሠራው ሴት እጅ መሆኑን ያቺ አምላክ እንዴት እንዳላወቀች ፉሚኖ ብዙ ጊዜ አስባበታለች። ወይ ያቺ አምላክ ዓይን የላትም፣ ወይ ወጉን ያወጡት ወንዶች ናቸው።

በሁለተኛው ማንቆርቆሪያ ላይ አንዲት ፍሬ ሳትወጋ ተወች። ውሃ ከሚፈስበት አፍንጫው ሥር፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ በስተግራ። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ አንዲት። ዓይን አያያትም፤ የሚያውቅ ጣት ብቻ ነው የሚያገኛት። ስሜን ካልጻፋችሁልኝ ባዶዬን አኖራለሁ አለች በልቧ። ከዚያ ወዲህ አንድም ማንቆርቆሪያ ያለዚያች ባዶ ቦታ ከእጇ አልወጣም። ሸክላው ተሰብሮ ብረቱ ሲወጣ ጣቷን ትሰድዳለች፤ ባዶዋ ቦታ አለች። እንዳይዝግ በከሰል ፍም ውስጥ ከተጠበሰ በኋላም ትሰድዳለች፤ አሁንም አለች። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ወደ አባቷ ክፍል ይሄዳል። ከዛፍ ሙጫ የሚነጠረውን ጥቁር ቀለም በትኩሱ የሚቀቡት እሳቸው ናቸው፤ ሰፊ ብሩሽ የእጅ መንቀጥቀጥን ይችላል። ከዚያም በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ይገባል። ከሳጥን አውጥታ አይታው አታውቅም። የገዛ ስሙ ቦታው ላይ መኖሩን እየዞረ የሚያይ ማን አለ?

ሁሉም ነገር እንዲሁ ይቀጥል ነበር፤ ሪኩኦ ባይመጣ። ሪኩኦ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሃያ ዓመት ቶኪዮ ሆኖ አሳንሰር ሸጧል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። በመከር አባቷ አስጠሩት። አንድ ጠዋት ሩዝና ሾርባቸውን እየበሉ፣ በጥር፣ በአዲሱ ዓመት፣ ስሙ ለሪኩኦ እንደሚሰጥ፣ አምስተኛው ቶኩጂ እሱ እንደሚሆን ተናገሩ። ፉሚኖ የሩዝ ሳህኗን አስቀመጠች። አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠችና ፍሬውን ማን ሊወጋ ነው ብላ ጠየቀች።

“አንቺ ነሻ” አሉ አባቷ፣ ኮምጣጣውን አትክልት እያነሡ።

ቀኑ ማክሰኞ ነው የማለት ያህል ነው ያሉት። ፉሚኖ ሳህኖቹን አነሣች፣ አጠበች፣ አደረቀች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እጇ በጭራሽ አይንቀጠቀጥም፤ ችግሩም እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር ቆረጠች፤ ስም በሚሰጥበት ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ያቺን ባዶ ቦታ ታሳያለች። እጁ የማን እንደሆነ ይታወቅ። ሌላው እንደፈለገ ይሁን።

ድግሱ በጥር አጋማሽ፣ በጠራ ቀትር ነበር። ትልቁ ክፍል ተሰናዳ፣ በመሃሉ የከሰል ማንደጃ ተቀመጠ፣ በላዩ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ያፈላል። በግድግዳው በኩል ነጭ ጨርቅ ላይ የዘጠኙ ዓመት ምርጥ ሥራዎች፣ ስድስት ማንቆርቆሪያዎች ተደረደሩ። ሪኩኦ የቤቱ ዓርማ ያለበትን ጥቁር ካባ ለብሶ ከአባቱ ቀኝ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ላብ ይታያል። የማንቆርቆሪያ ሠሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ካሩማይ ከፊት ናቸው። ከጎናቸው ሃምሳ ዓመት ከዚህ ቤት ሌላ ማንቆርቆሪያ ገዝተው የማያውቁት የሻይ አፈላል መምህርቷ እሜቴ ሶኖ አሉ። ፉሚኖስ? ፉሚኖ ዓሣና ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ታመላልሳለች፣ ሌላ ምን።

በወጉ መሠረት ማንቆርቆሪያዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ይዳሰሳሉ፣ ይሞገሳሉ። አቶ ካሩማይ አንዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ዳበሱትና በሰማንያ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ እጅ የትም አይቼ አላውቅም አሉ። አንድ ፍሬ ከመስመር አልወጣችም፣ አንድ እንኳ! አባቷ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። ደፋ አደረጉ እኮ! ሙገሳውን አንገት ደፍተው ተቀበሉ። አቶ ካሩማይ ቀጠሉና፣ ሪኩኦ ይህን እጅ ከአባቱ ቶሎ እንዲማር መከሩት፤ እህቱ ደግሞ ሻይ እያፈላች ታግዘዋለች፣ የታደለ ሰው ነው ብለው ሳቁ።

ፉሚኖ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ተንበርክካ ነው የተናገረችው፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። አባቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ፍሬ እንዳልወጉ፣ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ፣ እዚህ ያለውን ሁሉ የወጋችው እሷ እንደሆነች ነገረቻቸው።

ሪኩኦ እጅጌዋን ያዝ አድርጎ “እትዬ፣ ዛሬስ ተይው” አላት በሹክሹክታ። አቶ ካሩማይ ነገሩን ወደ ቀልድ ሊወስዱት ሞከሩ፤ ሳኬው ከማድ ቤት ጀምሮ ነው እንዴ የሚቀመሰው አሉ።

“ማናቸውንም ያንሡ” አለች ፉሚኖ። “ከአፍንጫው ሥር፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ በስተግራ ጣትዎን ይስደዱ። አንዲት ፍሬ ጎድላለች። የተውኳት እኔ ነኝ። ሁሉም ላይ አለች።”

አቶ ካሩማይ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን ሰደዱ፣ ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ሙሉ ነው አሉ። ሪኩኦ ሁለተኛውን አነሣ፤ ሙሉ ነው። እሜቴ ሶኖ ሦስተኛውን ወሰዱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ዳሰሱ፤ ሙሉ ነው አሉ እሳቸውም፣ እያዘኑ። አንዱ ከወደ ኋላ ሳል መስሎ ሳቀ። ልጅቱ ሥራ በዝቶባት ደክሟታል፣ ፈትም ናት፣ ትንሽ ትረፍ የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጅቱ ይሏታል።

ፉሚኖ ማንቆርቆሪያውን ከእሜቴ ሶኖ ተቀበለች። ጣቷ የሚያውቀውን መንገድ ሄደ፣ ቦታው ላይ ደረሰ፣ እዚያ ፍሬ አገኘ። አበድኩ እንዴ ብላ አሰበች። ከዚያ ጣቷን እዚያው አቆየችው። ጥር ነው፣ ግድግዳው ጥግ የቆየ ብረት እንደ በረዶ ነው የሚቀዘቅዘው፤ በዙሪያው ያሉት ፍሬዎች ሁሉ ጣቷን ነከሷት። ይቺ ግን አልነከሰቻትም። ብረት አይደለችም። የብረት ብናኝ ከዛፉ ሙጫ ጋር ተለውሶ የሚሠራ መድፈኛ ናት፤ በቤቱ ቀዳዳ ያወጣ ሥራ ሲገኝ የሚደፈንበት። በቤቱ ይህን የሚለውስ አንድ ሰው ነው።

አባቷን አየቻቸው። እሳቸው የሳኬ ጽዋቸውን ውስጥ ውስጡን ያያሉ። ጆሯቸው ቀልቷል።

ዘጠኝ ዓመት! እሷ ስትተው እሳቸው ሲደፍኑ፣ እሷ ስትተው እሳቸው ሲደፍኑ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያቺን ትንሽ ቦታ፣ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ያቺን አንዲቷን እንኳ ነፍገዋት፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጠብ እያደረጉ ስሟን ሲቀብሩት ኖረዋል። አፍ አውጥተው አንድ ቀን ለምን ቢሏት ምን ነበረበት? ቢቆጧትስ? ቁጣም አንድ ነገር ነው፤ የሚቆጡት ሰው ቢያንስ አለ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያደረገችው ግን ረጋ ብላ ነው።

ተነሣችና የሚፈላውን ማንቆርቆሪያ ከማንደጃው አወረደች። በእጇ ያለውን፣ ባዶውን፣ ጠብታ ውሃ የሌለበትን፣ ፍሙ ላይ አስቀመጠችው።

ሞሪዮካ ውስጥ የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ ባዶ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ አይጥድም። ነውር ብቻ አይደለም፣ መግደል ነው፤ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ውስጡ ዝገት ይጀምረዋል። አቶ ካሩማይ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሪኩኦ በጉልበቱ ተነሣ። እሜቴ ሶኖ ግን በማራገቢያቸው የሪኩኦን ደረት ገፋ አድርገው ተዋት አሉት።

ፉሚኖ ፍሙን አራገበች። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ የሙጫ ቃጠሎ። ቀጥሎ ጭሱ። እንግዶቹ እጅጌያቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፣ አንዱም ግን ከቦታው አልተነሣም። ጥቁሩ ገላ ወደ ግራጫ ዞረ። በጉጠት አነሣችው፣ አመዱ ላይ አሳረፈችው፣ የሣር ብሩሹን ወስዳ ከአፍንጫው ሥር አንድ ጊዜ ጠረግ አደረገችው።

መድፈኛው አመድ ሆኖ ረገፈ። በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ልጅ ጥርሱን እንደጣለ ያለ ባዶ ቦታ ታየ። ግራጫው ገላ ላይ ጠቁሮ አሁን ከሁለት ክንድ ርቀት ይታይ ነበር። እሜቴ ሶኖ ጎንበስ ብለው አዩና በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አቶ ካሩማይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ያው ነው።

“አምስቱንም ላቃጥላቸው?” አለች ፉሚኖ። እንግዶቹን አይደለም የጠየቀችው።

አባቷ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ሳኬው በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

“ይበቃል” አሉ። “እጁ የሷ ነው።”

ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የመጀመሪያዋን ባዶ ቦታ ቀለም ሲቀቡ በጣታቸው እንዳገኟት ተናገሩ። አንድ ቀን የሰው ጣት ያገኛትና የቶኩጂ እጅ ሳተ ይባላል ብለው ፈሩ። ደፈኗት። ሁለተኛዋን ሲያገኙ ስህተት እንዳልሆነች ገባቸው። ከዚያ በኋላ እየፈለጉ ይደፍኗት ጀመር። አፍረው እንደሆነ ተናገሩ፤ ከማን እንዳፈሩ ግን አልተናገሩም።

“የቶኩጂ እጅ አልሳተም” አለች ፉሚኖ። “እዚያ አልነበረማ።”

ሪኩኦ ዓርማ ያለበትን ካባ አወለቀ። በሥርዓት አጠፈው፣ በእንግዶቹ ፊት በጉልበቱ እየተንፏቀቀ አመጣና እህቱ ፊት አኖረው። እኔ አሳንሰር ሻጭ ነኝ፣ እትዬ፣ ይሄ ነገር ገና ከጠዋቱ እያነቀኝ ነበር አላት። ከኋላ እንደገና ሳቅ ተሰማ፤ አሁንስ የእውነት ሳቅ ነው። ፉሚኖ ግን አልሳቀችም፣ ካባውንም አልነካችውም። የወንድ ስም ምን ሊያደርግላት? ስም አላት፤ ያንን ነው የምታትመው። ብረት በሚፈስበትም ቀን ከእንግዲህ በረዶ ላይ አትቆምም። ያቺ አምላክ ከቀናች ትቅና። ይህን ተናግራ የቀዘቀዘውን ዓሣ ልታሞቅ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ እንግዳ አይራብም።

አባትና ልጅ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። በመጋቢት ፉሚኖ አዲስ ቅርጽ ሠራች፣ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ሳትቀምስ ፍሬውን ወጋች፣ በጎኑም ራሷ የቀረጸችውን ማኅተም አተመች። ብረቱ ሲፈስ ማቅለጫው ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ነበረች። ሙቀቱ ቅንድቧን ለበለባት፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሪኩኦ ወናፉን ሲነፋ እጁ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ይለምደዋል።

ማንቆርቆሪያው ከፍሙ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ራሷ ተሸክማ ወደ አባቷ ክፍል ወሰደችው። ቀለም መቀባቱን እስከ ዛሬ የሚያህላቸው የለም፤ እውነት እውነት ነው። አዛውንቱ ብሩሻቸውን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። ከብሩሹ አጠገብ ግን ትንሿ ሳህን ነበረች፣ መድፈኛው ተለውሶባት። ፉሚኖ አየቻት።

አባቷ ማንቆርቆሪያውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። የሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ማንም ሳያዘው ከአፍንጫው ሥር ገባ፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ በስተግራ። ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ከረድፍ ወደ ረድፍ ወጣ፣ ወረደ፣ በቀኝም በኩል ፈለገ።

“የታለች?” አሉ በመጨረሻ።

“ምኗ?”

“ቦታሽ ነቻ።”

ፉሚኖ አጠገባቸው ተንበረከከች። ማንቆርቆሪያውን አዞረችው። የአባቷን ጣት ያዘችና ጎኑ ላይ፣ ከብረቱ ጉብ ብሎ የወጣው ስሟ ላይ አሳረፈችው። ፉ። ሚ። ኖ። ሦስቱንም እስኪጨርሱ አልለቀቀቻቸውም። ከዚያ ሳህኗን ሳብ አድርጋ ፊታቸው አስጠጋችላቸው።

“እስቲ ይሄንን ይድፈኑት” አለቻቸው።

አባቷ ሳህኗን በክርናቸው ገፋ አድርገው ብሩሹን አነሡ።